ከሸክላ ዶቃና ጉትቻ መሥራት፦ ከአፈሩ እስከ ክሩ

«ዶቃው እሳት ውስጥ ለምን ፈነዳብኝ?» የሚለው ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ይመጣል። አንዱ አፈሩን ይጠረጥራል፣ ሌላው እሳቱን፣ ሌላዋ የራሷን እጅ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የአንዳቸውም አይደለም፤ ዶቃው ሳይደርቅ እሳት ገብቷል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ቅርጽ ማውጣቱ ላይ አጠር፣ ማድረቁና የእሳቱ የመጀመሪያ ሰዓት ላይ ረዘም ይላል። ጀማሪ የሚቸኩለው እዚያ ነውና።

የምናወራው በእሳት ስለሚበስል የሸክላ አፈር ነው። በሱቅ «ፖሊመር ክሌይ» እየተባለ የሚሸጠው ስሙ ጭቃ ይሁን እንጂ ፕላስቲክ ነው፤ እሳት ውስጥ ከገባ መርዛማ ጭስ ያወጣል። ከዚህ አሠራር ጋር አትቀላቅሉት።

በዚህ ልክ ስትሠሩ 36 ዶቃ ያለው አንድ ሐብል፣ አንድ የአንገት ማንጠልጠያና ሁለት ጥንድ ጉትቻ ይወጣል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወቅት ከጭቃው እስከ ክሩ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ክረምት ላይ መቅረጽ ይቻላል፤ ማብሰሉ ግን ዝናቡ እስኪያባራ ቢቆይ ይሻላል። ጥሬው ከደረቀ በኋላ ወራት ቢቀመጥ ምንም አይሆንም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለጭቃው፦
- ጥሬ የሸክላ አፈር 2 ኪሎ። ለጌጦቹ የሚበቃው 150 ግራም እንኳ ነው፤ የቀረው ለመለማመጃና ለሙከራ ነው።
- ገል (የተሰበረ ጀበና ወይም ምጣድ) 300 ግራም
- ሁለት ባልዲ፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ወንፊት፣ የሻይ ማጥለያ፣ አሮጌ ነጠላ፣ ፌስታል

ለቅርጹ፦
- የብስክሌት ራጂ። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለዶቃ ቀዳዳ ልክ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ከየትኛውም ብስክሌት ጠጋኝ ይገኛል።
- 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች፣ ለመዳመጫ ባዶ ጠርሙስ
- ቀጭን ቢላ፣ ስቴኪኒ፣ ሚዶ፣ ቆርኪ፣ ማስመሪያ
- ወንዝ ያለሰለሰው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ጠጠር፣ ወይም የማንኪያ ጀርባ
- ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት

ለእሳቱ፦
- በደንብ የደረቀ ኩበት አንድ ማዳበሪያ፣ ጭራሮ አንድ እቅፍ፣ ጭድ፣ ደረቅ አመድ
- ስንጥቅ ያለው አሮጌ የሸክላ ድስትና ለመክደኛ የሚሆኑ ትልልቅ ገሎች
- ክዳን ያለው የወተት ዱቄት ጣሳና ሰጋቱራ (ማጥቆር ለምትፈልጉ)

ለማጠናቀቂያው፦
- ንጹሕ ሰም 10 ግራም፣ በሰም የታሸ የጥጥ ክር ወይም ቀጭን ናይለን ክር፣ 0.8 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ሽቦ፣ ፒንሳ

1. አፈሩን ምረጡ

ጥቁሩ ዋልካ (መረሬ የሚሉትም አሉ) እጅ ላይ እንደ ቅቤ ስለሚለሰልስ ጀማሪን ያታልላል። በበጋ እርሻው ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ያው አፈር ነው፤ ውኃ ሲጠጣ በጣም ያብጣል፣ ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል። ዶቃው ላይም ያንኑ ይደግመዋል፤ ለብቻው አትጠቀሙበት። የደጋው ቀይ አፈር ደግሞ በውስጡ ባለው ብረት የተነሳ ቀለሙ ያምራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሲጠቀለል ይሰነጣጠቃል። እሱን ለቀለም ቅብ አስቀምጡት።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዋጣው በየገበያው እንስራና ጀበና ከሚሸጡ ሸክላ ሠሪ እናቶች አፈሩን ራሱን መግዛት ነው። አፈሩን ከየት እንደሚያወጡት፣ ከምን ጋር እንደሚደባልቁት ያውቁታል። ስትጠይቁ «ገል ያልገባበት» በሉ፤ ለእንስራ የሚገባው ገል ለዶቃ ሸካራ ነው። ራሳችሁ የምትቆፍሩ ከሆነ ባለ መሬቱን አስፈቅዱ፤ የጉድጓዱን ግድግዳም ከሥር እየቦረቦራችሁ አትግቡበት። የሸክላ ጉድጓድ ሳያስጠነቅቅ ይናዳል።

አፈሩን በሦስት ነገር ፈትኑት፦

ሀ) የመታጠፍ ሙከራ። ከጭቃው እርሳስ የሚያህል ጠቅልላችሁ ጣታችሁ ላይ አዙሩት። ሳይሰነጠቅ ከዞረ ለቅርጽ ይሆናል። ጥቃቅን ስንጥቅ ካወጣ ትንሽ ዋልካ ጨምሩበት፤ ከተቆራረጠ ተዉት።

ለ) የመኮማተር ሙከራ። 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ዘንግ ሠርታችሁ፣ በላዩ ላይ ልክ 100 ሚሊ ሜትር መስመር ጫሩ። ሲደርቅ መስመሩን ለኩት። 93 ከሆነ በመቶ 7 ተኮማትሯል ማለት ነው። ከ5 እስከ 8 ጥሩ ነው፤ ከ10 ካለፈ ገል ይጨመርበታል።

ሐ) የኖራ ሙከራ። በደረቀው አፈር ላይ ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ እያወጣ ከተንጨረጨረ ኖራ አለበት። ኖራው እሳት ውስጥ ገብቶ ከወጣ በኋላ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ያብጣል፣ ከቀናት በኋላ ያለቀውን ዶቃ ፊት እየፈነቀለ ይወጣል። እንዲህ ያለውን አፈር ተዉት።

2. አጣሩት

መጀመሪያ አፈሩን ፀሐይ ላይ ድርቅ አድርጉት። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ግን ፍጹም የደረቀ ጓል ውኃ ውስጥ ሲገባ በራሱ ይፈርሳል፤ እርጥብ ጓል ውኃ ውስጥ ሌሊቱን ቢያድርም ጓል እንደሆነ ያነጋል። የደረቀውን ሰባብራችሁ ሦስት እጥፍ ውኃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ጨምሩት። ለአንድ ሰዓት አትንኩት።

ከዚያ በደንብ አማስሉና አንድ ደቂቃ ጠብቁ። አሸዋውና ጠጠሩ ወደ ታች ይወርዳል። ላይ ያለውን ድፍርስ ብቻ በሻይ ማጥለያ ወደ ሌላው ባልዲ ገልብጡት፤ ታች የቀረውን ድፉት። ሌሊቱን አሳድሩት። ጠዋት ከላይ የጠራውን ውኃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱና ዝቃጩን በነጠላ ቋጥራችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉት። ከሁለት እስከ አራት ቀን ውስጥ እጅ ላይ የማይጣበቅ ጭቃ ይሆናል። ለእንስራ እንዲህ ማጣራት ላያስፈልግ ይችላል፤ 10 ሚሊ ሜትር ዶቃ ላይ ግን አንድ የአሸዋ ጠጠር ቀዳዳውን ይዘጋል ወይም ጎኑን ይሰነጥቃል።

3. ገል ደባልቁና እሹት

ገሉን በሙቀጫ ከመውቀጣችሁ በፊት ውኃ እርጭት አድርጉበት፣ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። የሸክላ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። የወቀጣችሁትን አድርቃችሁ በሻይ ማጥለያ ንፉትና ያለፈውን ብቻ ውሰዱ። መጠኑ ለ5 ሲኒ ጭቃ 1 ሲኒ ገል ነው። ገሉ አንዴ በስሏል፤ ስለዚህ አይኮማተርም። በጭቃው መካከል እየገባ ውኃው የሚወጣበትን መንገድ ይከፍታል፤ እሳቱ ድንገት ሲበረታም ዶቃው እንዳይሰነጠቅ ያግዛል።

ከዚያ እንደ ዳቦ ሊጥ 10 ደቂቃ ያህል እሹት፤ ቁረጡት፣ ደራርቡት፣ እንደገና እሹት። በክር ለሁለት ስትቆርጡት ፊቱ ላይ ቀዳዳ ካልታየ በቅቷል። ብዙዎች «ዶቃውን የሚያፈነዳው ውስጡ የቀረ አየር ነው» ይላሉ። ደረቅ አየር አያፈነዳም፤ የሚያፈነዳው እንፋሎት ነው። ያም ሆኖ ቀዳዳው እርጥበት ስለሚይዝና ዶቃውን ስለሚያሳሳ ማሸቱን አትዝለሉት።

በፌስታል ጠቅልላችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት አቆዩት። ውኃው በእኩል ይዳረሳል፣ ጭቃውም ይበልጥ ይሳባል። ቢሸትም አትደንግጡ፤ የቆየ ጭቃ ይሸታል።

4. ቅርጽ አውጡ

ዶቃ

ሀ) ጭቃውን በሰሌዳ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ገመድ መልክ ጠቅልሉት። በመዳፍ ሳይሆን በተዘረጉ ጣቶች፣ ከመሃል ወደ ዳር። በመዳፍ ከሆነ ገመዱ ጠፍጣፋ ይሆናል።

ለ) ማስመሪያ አስጠግታችሁ በየ1 ሳንቲ ሜትሩ ቁረጡት። ዶቃዎች እኩል የሚሆኑት በዓይን ልክ ሳይሆን በዚህ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ሲድቦለቦል 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ኳስ ይሆናል፤ ደርቆና በስሎ 10 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል። 45 ቁረጡ፤ 36 ለሐብሉ፣ የቀሩት ለሚሰበርና ለሙከራ።

ሐ) በሁለት መዳፍ መካከል በመጀመሪያ ጫን፣ ከዚያ ላላ እያደረጋችሁ አድቦልቡሉ። ስንጥቅ ከታየ መዳፋችሁን በእርጥብ ጨርቅ ዳበስ አድርጉ፤ ጭቃው ላይ ውኃ አታፍስሱ።

መ) ከመብሳታችሁ በፊት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ጥላ ውስጥ አሳርፉት። እርጥብ ዶቃ ሲበሳ ይጨፈለቃል። ራጂውን ኑግ ዘይት አስነክታችሁ፣ እያሽከረከራችሁ እስከ ግማሽ አስገቡ፤ አውጥታችሁ በሌላው በኩል ድገሙት። በአንድ በኩል ብቻ ከተወጋ መውጫው ላይ ከንፈር ያወጣል፣ ጎኑም ይሰነጠቃል።

ሠ) ዶቃዎቹን ራጂው ላይ ሰክታችሁ አታድርቁ። ብረት አይኮማተርም፤ ጭቃው በብረቱ ዙሪያ ሲጠብ ይተረተራል። ይህን ስህተት የማይሠራ ጀማሪ የለም ማለት ይቻላል።

ማንጠልጠያና ጉትቻ

ሁለቱን ባለ 4 ሚሊ ሜትር እንጨቶች ግራና ቀኝ አድርጋችሁ ጭቃውን በጨርቅ ላይ አኑሩና በጠርሙስ ዳምጡት። ጠርሙሱ እንጨቶቹ ላይ ሲንከባለል ውፍረቱ ራሱ እኩል ይወጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ገልብጡት፤ በአንድ ፊት ብቻ የተዳመጠ ጭቃ ሲደርቅ ይቆለመማል።

ለጉትቻ ቆርኪ ጥሩ መቁረጫ ነው። ዳሩ ጥርሳም፣ ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ክብ ይወጣል። ለማንጠልጠያው በወረቀት የፈለጋችሁትን ቅርጽ ቆርጣችሁ ጭቃው ላይ አኑሩና ዙሪያውን በቢላ ቁረጡ፤ ቢላውን አትጎትቱት፣ ወደ ታች እየተጫናችሁ ሂዱ። መስቀል መሥራት ከፈለጋችሁ ክንዶቹን ከ8 ሚሊ ሜትር አታሳንሱ፤ የውስጥ ማዕዘኖቹንም ከሹል ይልቅ ደብለል አድርጓቸው። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነው።

ቀዳዳው ከዳር 5 ሚሊ ሜትር ገባ ይበል። ጌጥ ለማውጣት ሚዶ፣ የስንዴ ዛላ፣ የሰፌድ ጀርባ፣ የሰበዝ ጫፍ ተጭናችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ጥልቀቱ ከውፍረቱ ሲሶ አይለፍ።

ሁለት ቁራጭ የምታጣብቁ ከሆነ ሁለቱንም ፊት በስቴኪኒ ጫር ጫር አድርጉ፣ እንደ እንጀራ ሊጥ የቀጠነ ጭቃ ቀቡ፣ ተጭናችሁ ለአሥር ቆጠራ ያዙ። የሁለቱ እርጥበት እኩል መሆን አለበት። ደረቅ ላይ እርጥብ ቢለጠፍ እርጥቡ ብቻውን ሲኮማተር ይላቀቃል።

5. ቀለም ቅቡና አለስልሱ

ይህ ደረጃ ሰዓቱን ካለፈ አይመለስም። ጭቃው የልብስ ሳሙና የሚያህል ሲጠጥር፣ ማለትም ጥፍር ምልክት ሲያወጣበት ግን በጣት ሲጫኑት የማይጎብጥ ሲሆን ጀምሩ። ለዶቃ ብዙ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ያለው ማግስት ነው።

ያስቀመጣችሁትን ቀይ አፈር እንደ ተራ ቁጥር 2 አጥሩና ወተት እስኪመስል አቅጥኑት። በጨርቅ ቁራጭ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ውኃው ሲጠፋ ድገሙ፤ ሦስት ጊዜ ይበቃል። ወፍራም ቅብ ይላጣል። ብልጭታው ሲጠፋ በጠጠሩ ወይም በማንኪያው ጀርባ አነስ አነስ እያላችሁ እሹት። ጠጠሩ ጭቃ እየነሳ ከተጣበቀ ገና እርጥብ ነው፤ እየጫረ ድምፅ ካወጣ ደርቋል፤ ልክ ሲሆን ግን ያለ ድምፅ ይንሸራተትና ከኋላው የሚያብረቀርቅ መስመር ይተዋል። አንድ ዶቃ ሦስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ሲደርቅ ፊቱ ስለሚኮማተር ማብረቅረቁ ይደበዝዛል። በማግስቱ በጣት ጫፍ ኑግ ዘይት አስነክታችሁ አንዴ ብትደግሙት ይመለሳል። የግድግዳ ወይም የብረት ቀለም ግን በጥሬውም በበሰለውም ላይ አትቀቡ። ቆዳ ላይ የሚውል ነገር ነው፤ አንዳንዱ ቀለም እርሳስ ይኖረዋል።

6. አድርቁ

ዶቃዎቹን በሰፌድ ላይ ሳይነካኩ ደርድራችሁ ፌስታል ላላ አድርጋችሁ አልብሱ። ሁለት ቀን እንዲሁ ይቆዩ። ከዚያ ፌስታሉን አንሡና ነፋስና ፀሐይ በቀጥታ በማያገኛቸው ቦታ አስቀምጡ። በየቀኑ ገልብጧቸው፤ ጠፍጣፋዎቹን ጠዋትና ማታ። ፀሐይ ላይ ብታሰጧቸው ውጩ ቀድሞ ደርቆ ይጠባል፣ ውስጡ እርጥብ ስለሆነ አብሮ አይጠብም፤ ስለዚህ ውጩ ይቀደዳል።

በበጋ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ በክረምት እስከ 14 ቀን ይፈጃል። መድረቁን በቀን ብቻ አትቁጠሩ። ጉንጫችሁ ላይ አኑሩት፤ ቀዝቀዝ ካለ ውኃ ገና እየወጣ ነው። ትንሽ የዲጂታል ሚዛን ያለው ሰው ሁሉንም በአንድ ላይ ይመዝን፣ በማግስቱም ይድገም፤ ክብደቱ ሁለት ቀን ካልተለወጠ ደርቋል።

ሲደርቅ የቀዳዳውን ከንፈርና የዳሩን ስለት በብርጭቆ ወረቀት አንሱ። ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ በአፍ እፍ አትበሉ።

7. አሙቁ

ደርቋል ያላችሁት ጭቃ ውስጥ አሁንም ዓይን የማያየው እርጥበት አለ። የሚወጣው በሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ግን ውኃ ከሚፈላበት በታች መሆን አለበት። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር ስለምታልፍ በ92 ገደማ። ስለዚህ «መቶ ዲግሪ አልደረሰም» ብላችሁ አትተማመኑ፤ 80 ላይ ቁሙ።

ዲግሪ የሚለካ ኦቨን ያለው 80 ላይ አድርጎ አራት ሰዓት ያቆየው። የሌለው ምጣዱን ይጠቀም። እንጀራው ካለቀ በኋላ ምጣዱ ላይ ውኃ ጠብ አድርጉ፤ ጠብታው ከተንጫጫ ጠብቁ። ዝም ብሎ ሲተን፣ ያኔ የታጠፈ ጨርቅ አንጥፋችሁ ዶቃዎቹን ደርድሩ፣ ምጣዱ እስኪበርድም ተዉአቸው። በሁለት የተለያዩ ቀናት ብትደግሙት ይመረጣል።

8. አብስሉ

ከቤት፣ ከሣር ክምርና ከአጥር ቢያንስ 10 ሜትር የራቀ፣ ነፋስ የማይነካው ቦታ ምረጡ። ባልዲ ውኃ ይቅረብ፤ ውኃው ለሚዛመት እሳት እንጂ ለሸክላው አይደለም። ልጆች ይራቁ። ረጅም ልብስና ነጠላ አውልቁ፤ ናይለን ልብስም አትልበሱ።

ሰዓቱን ከምሽቱ ወደ ኋላ ቁጠሩት፤ የፍሙ ቀለም የሚታየው ሲመሽ ነውና።

ሀ) 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። መሬቱ እርጥብ ከሆነ ከቀኑ በፊት እሳት አንድዳችሁ አድርቁት፤ ከሥር የሚመጣ እንፋሎት ከላይ ከሚመጣው አይሻልም። ታቹን 3 ሳንቲ ሜትር አመድ አልብሱት።

ለ) ጌጦቹን አሮጌው ድስት ውስጥ በደቀቀ ገል ላይ አስቀምጡ። ቢነካኩ ችግር የለም፤ የሚያጣብቃቸው ነገር አልተቀባም። በገል ክደኑት፤ በጎን በኩል ጣት የምታህል ማያ ክፍተት ተዉ። ድስቱን በሦስት ጉልቻ መሰል ገሎች ላይ ጉድጓዱ መሃል አስቀምጡት።

ሐ) ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በድስቱ ዙሪያ፣ ራቅ አድርጋችሁ፣ በጭራሮ ትንሽ እሳት አንድዱ። በየሩብ ሰዓቱ እሳቱን ጠጋ ጠጋ አድርጉት። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ድስቱ በእጅ የሚነካ ያህል ብቻ ይሙቅ። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሞላ ውኃ ጠብ ስታደርጉበት ወዲያው ይንጫጫ። ከጠቅላላው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው፤ «ጧ» የሚል ድምፅ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው። ከተሰማ እሳቱን አርቁ እንጂ ሥራውን አታቋርጡ፤ አንድ ፈነዳ ማለት ሁሉም ይፈነዳል ማለት አይደለም፣ ሁሉም ይተርፋል ማለትም አይደለም።

መ) 10 ሰዓት ገደማ ኩበቱን በድስቱ ዙሪያ ቀጥ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ከላይም ሁለት ድርብርብ አድርጋችሁ ከምሩ። ማያውን አትድፈኑ። ጭድ ነስንሱበትና ከላይ ለኩሱት። ከሥር ከተለኮሰ ነበልባሉ በአንድ ጊዜ ድስቱን ያገኘዋል፤ ከላይ ሲሆን ግን ሙቀቱ እየወረደ ይመጣል። ኩበት ከእንጨት የሚመረጠውም በዚሁ ነው፤ ቀስ ብሎ በእኩል ይነዳል።

ሠ) 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሲደነግዝ፣ ራቅ ብላችሁ በማያው ተመልከቱ። ውስጡ ጥቁር ከሆነ ገና ነው። ደብዛዛ ቀይ ከሆነ 600 ዲግሪን አልፏል። የሚፈለገው የጠራ የፍም ቀይ ነው፤ 700 እና 800 መካከል። እዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፤ ቀለሙ ከወረደ ኩበት ጨምሩ። ጭቃ ሸክላ የሚሆነው በግምት ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ውስጥ አፈሩ ራሱ የያዘው ውኃ ሲለቅ ነው። ከዚያ በታች የቀረ ዶቃ ይጠነክራል እንጂ በላብ ይሟሟል።

ረ) አመድ አልብሳችሁ ተዉት፤ እሳቱ እስኪዳፈን ግን አትለዩት። ጠዋት ድስቱ እጅ የማያቃጥል ሲሆን ክፈቱ። ሙቅ ዶቃ በውኃ አታቀዝቅዙ። ሸክላ ውስጥ ያለው የአሸዋ ማዕድን 573 ዲግሪ ላይ ድንገት መጠኑን ይለውጣል፤ ይህን መስመር ሲያልፍ መቸኮል ዶቃውን ለሁለት ይከፍለዋል።

ኩበት ለማይገኝለት ሦስት ብሎኬት ዙሪያ አቁሞ ድስቱን በከሰል መክበብ ይቻላል። በአዊ ዞን ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚከሰለው ከሰል ለዚህ ይሆናል። ማሞቂያው ሰዓት ተኩል ግን አይቀርም፤ መጀመሪያ ጥቂት ፍም ራቅ አድርጎ፣ ከዚያ እየጨመሩ። ማስጠንቀቂያ፦ ከሰሉን ቤት ውስጥ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ወይም በተዘጋ በረንዳ አታንድዱ። የከሰል ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል።

መብሰሉን ማረጋገጥ፦ ሁለት ዶቃ አጋጩ። «ቅል» የሚል የጠራ ድምፅ ከሰጠ በስሏል፤ «ዱ» ካለ አልበሰለም። አንዱን የሙከራ ዶቃ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት በጥፍር ካልተፋቀ አልፏል። ያልበሰለው ደርቆ እንደገና እሳት መግባት ይችላል።

9. ማጥቆር (ለፈለገ)

እንደ ጀበና የጠቆረ ዶቃ የሚወዱ ብዙ ናቸው። የበሰለውን ዶቃ በወተት ዱቄት ጣሳው ውስጥ ከደረቅ ሰጋቱራ ጋር እያፈራረቃችሁ ሙሉት። ክዳኑን ግጠሙና ዙሪያውን በጭቃ ምረጉ። ፍም ውስጥ 40 ደቂቃ አቆዩት። አየር ስለማያገኝ ሰጋቱራው አይነድም፣ ይከስላል፤ ጥቀርሻውም የሸክላው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ጣሳው ፍጹም ሳይበርድ አትክፈቱ። በሙቀቱ አየር ካገኘ ጥቀርሻው ተቃጥሎ ዶቃው ወደ ቡናማ ይመለሳል። የዚህ ጭስ ዓይን ይፈጃል፤ በነፋሱ ጀርባ ቁሙ።

10. ሰም ቀቡ

የበሰለ ሸክላ ቀዳዳ አለው፤ ላብና ቅባት ይጠጣል። ዶቃዎቹን ምጣድ ላይ ሰሙ ሲነካቸው እስኪቀልጥ ድረስ አሙቁ፤ ንጹሕ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ሳይበርድ በጨርቅ ወልውሉ። የተረፈ ሰም አቧራ ስለሚይዝ አጥብቃችሁ አንሱት። ሰም ከገበያ ስትገዙ ንጹሑን ምረጡ፤ ማርና ቆሻሻ ያለበት ይጣበቃል።

11. ስኩ

ለ36 ዶቃ 150 ሳንቲ ሜትር ክር ቁረጡ። በየዶቃው መካከል ቋጠሮ አድርጉ። ዶቃ ከዶቃ እንዳይፋተግ ያደርጋል፤ ክሩ ቢበጠስም አንድ ዶቃ ብቻ ይወድቃል። ከቋጠሮው ጋር ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ቋጠሮው በቀዳዳው ውስጥ ከሾለከ ክሩን ድርብ አድርጉት።

ለጉትቻው ሽቦውን 4 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ በእስኪሪብቶ ዙሪያ ጎብጡት፤ ጆሮ የሚገባውን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት አድቦልቡሉት። ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ መዳብ ጆሮን አረንጓዴ ያደርጋል፤ የሚዝግ ሽቦ ደግሞ ያቆስላል። አንዱ ጉትቻ ከ7 ግራም እንዳይበልጥ መዝኑት። ለሕፃን ዶቃ አታንጠልጥሉ፤ አፉ ውስጥ ይከተዋል።

የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ዶቃው ደቅቆ ብዙ ቦታ ተበታተነ፦ እርጥበት ነበረው። ተራ ቁጥር 6 እና 7ን ተመልከቱ።

በንጹሕ ስንጥቅ ለሁለት ተከፈለ፦ ብርድ አገኘው። ቶሎ ተከፍቷል፣ ወይም እሳቱ ላይ ነፋስ ገብቷል። የስንጥቁ ስለት ጠርዝ ሹል ከሆነ የተሰነጠቀው ሲበርድ ነው፤ ጠርዙ ደብለል ብሎ ከተከፈተ ሲደርቅ ወይም ሲሞቅ ነው።

ከቀዳዳው የሚነሣ ስንጥቅ፦ እርጥቡን ወግታችኋል፣ ወይም ብረት ላይ አድርቃችኋል።

ቀዳዳው ክር አላስገባም፦ ቀዳዳው ከዶቃው ጋር አብሮ ይጠባል። የ2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 1.8 ይሆናል። ለወፍራም ክር በ3 ሚሊ ሜትር ሚስማር ብሱ። የበሰለውን በመሰርሰሪያ ማስፋት ይቻላል፤ እርጥብ አድርጋችሁ፣ ሳትጫኑ።

ጠፍጣፋው ተቆለመመ፦ በአንድ ፊት ደርቋል። በሁለት ጨርቅ መካከል፣ ከላይ ቀላል ሰሌዳ ጭናችሁ አድርቁ።

ፊቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፦ ኩበት ነክቶታል ወይም አየር አጥሮታል። የማይወደው ሰው ክዳኑን በደንብ ገጥሞ፣ ማያውን ግን ክፍት ትቶ እንደገና ያብስለው፤ ይጠፋል።

የቀባነው ቀይ ተላጠ፦ ቅቡ ወፍሯል፣ ወይም በደረቀ ዶቃ ላይ ተቀብቷል።

ሲሰበር መሃሉ ጥቁር ነው፦ አፈሩ ውስጥ የነበረው ሥራሥር ተቃጥሎ አልወጣም። ዶቃው የጠራ ድምፅ ከሰጠ ይለበሳል፤ በሚቀጥለው እሳት ደብዛዛው ቀይ ላይ ሩብ ሰዓት ጨምሩ።

ስታስተምሩ ለአንድ ሰው በመጀመሪያው ቀን 10 ዶቃ ብቻ ስጡት፤ ሁለቱን ሆን ብሎ ግማሽ እርጥብ እያሉ ከሌሎቹ ለይቶ በራሳቸው የተከደነ ድስት ያብስላቸው። ከክዳኑ ሥር የሚሰማው ድምፅ የቀረውን ያስረዳዋል።